በሃምሳው የሰገድኩ ሰው

አንድ የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጎሚስታው ደጃፍ ፊት ለፊት፣ በሆዴ ተደፋሁ። ጎሚስታው የአይሱዙ ጎማ ሲነፋ ፈንድቶበት ነው። ሌላው ገበያተኛ ዘወር ብሎ አየ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዲት አህያ ጭነቷን ይዛ ፈረጠጠች። እኔ ስድሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ግን ለሽያጭ በትከሻዬ ያጋደምኩትን የበግ ጠጉር ባና እንደ ያዝኩ አፈር ላይ ነበርኩ። መቼ እንደ ወደቅሁ አላውቅም። እግሬን አላዘዝኩትም፣ ጉልበቴንም አላማከርኩትም።

ቀና ስል ሰው ያየኛል። በዚያ ከተማ ደግሞ የምታወቀው በምክሬ ነው። የሚሳደብ ጎረምሳ ካየሁ አስቁሜ እገሥጻለሁ፤ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ካየሁ ሕዝብ ፊት እናገራለሁ። ብዙ ሰው እኔን ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ለዚህ ነው። ያ ሰው አሁን “ለጎማ ተኛ” ሊባል ነው። ከመናኸሪያው ማዶ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታየኛል። አማተብኩ። ግንባሬን መልሼ መሬት አስነካሁና “ከመዓት ያወጣኸን ጌታ ተመስገን” ብዬ ተነሣሁ።

“እሰይ የኔ አባት!” አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። “እንዲህ ነው እንጂ! እኛማ ደንግጠን፣ ተራግመን፣ ዝም።”

ውሸቱ እንዲህ ተጀመረ። አንድም የሐሰት ቃል አልተናገርኩም፤ ውሸት ግን ነበር።

ባና ሠሪ ነኝ። ባለቤቴ የበጉን ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔ እሸምናለሁ። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው ሥራችን ለምን እንደሚጠቅም አይጠይቅም። አባቴ ትምህርት ቤት አልላከኝም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ለብቻዬ፣ ባለ ሱቁ ጨውና ስኳር የሚጠቀልልበትን ጋዜጣ እየለቀምኩ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር ግማሹን አውቃለሁ፤ ቀሪው ግማሽ ለሌላ ሰው ጨው ተጠቅልሎበት ሄዷል። በራሴ ጥረት ሰው የሆንኩ ስለ መሰለኝ፣ ያልቻለ ሰው ሁሉ ያልሞከረ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃትንም ከስንፍና ለይቼ አላየውም ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

ከገበያው ቀን ወራት ቀደም ብሎ ውጊያ በመንደራችን አለፈ። ሦስት ቀን ቆየ። ስለ ሦስቱ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ማን ከየት ተኮሰ የሚለውን የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ ኋላው ነው፤ ተኩሱ ካቆመ፣ ገብሱ ከታጨደ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ስላለው ጊዜ። በዚያ ሰላም በሆነው ጊዜ ነው ቆርቆሮ በነፋስ ሲጋጭ፣ በር በኃይል ሲዘጋ፣ ጎማ ሲፈነዳ ሰውነቴ ሳያስፈቅደኝ መሬት መፈለግ የጀመረው።

የሽንኩርት ሻጯ ወሬ ከእኔ ቀድሞ መንደር ገባ። “እሳቸው እኮ ገበያ መሐል ይሰግዳሉ” ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን ላሟ ወተት ነጠፈባትና “በጸሎትዎ ያስቡኝ” ብላ መጣች። ምን ልበላት? አሰብኳት። በሳምንቱ ላሟ ታለበች። ከዚያማ ባሰ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እፎይ አልኩ። በጾሙ ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ አንድ ሽማግሌ ካሰበው በላይ ጥቂት ቢጨምር ማን ይቆጥርበታል? በስቅለት ቀንማ ምእመኑ ሁሉ ሲወድቅና ሲነሣ ስለሚውል፣ ከቅጥሩ ውጭ የአንድ ሞተር ብስክሌት ጭስ ማውጫ ጧ ሲል እኔ መሬት ላይ መገኘቴን ያስተዋለ አልነበረም። ከስቅለት የበለጠ ምቹ ቀን አላየሁም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ ብቻ ታውቃለች። “አንተ ሰውዬ” ትለኛለች እንዝርቷን እያሾረች፣ “ታቦት ሳይተከልልህ ለአንድ ሰው ንገር።”

“ምኑን ነው የምነግረው?”

“መደንገጥህን ነዋ!”

“አልደነግጥም። ሰውነቴ ነው የሚደነግጠው።”

“እንግዲያው ሰውነትህን ላከውና እሱ ይንገር።”

እንዲህ እየተቀላለድን እንኖር ነበር፤ ከፊታችን ግን ሠርግ ነበረ። ቀየት በሚባል ቦታ አስተማሪ የሆነችው ሴት ልጄ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ሙሽራው የራቤል አገር ልጅ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ተሰናድቷል። የሙሽራው ወገን ሲደርስ ደግሞ ጥይት ይተኮሳል። በእኛ አገር ሙሽራ ዝም ብሎ አይመጣም፤ የሙሽራው አጎት በተለይ ጠመንጃውን እንደ ልጁ የሚያሽሞነሙን ሰው ነው። እኔ የሙሽሪት አባት በዳሱ በር ቆሜ መቀበል፣ ከዚያም መመረቅ አለብኝ። ከአንዲት ሴት ልጅ አባት በዚያ ቀን የሚጠበቀው በእግሩ መቆም ነው። በልጄ አማቶች ፊት፣ የራቤል ሰው ሁሉ እያየ፣ አባቷ በሆዱ ቢደፋስ? ማታ ማታ የማስበው ይህንን ብቻ ሆነ።

የተያዝኩት በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ቅጥሩ ውስጥ ቆመናል። ለዕቃ ቤቱ የተገዛ ቆርቆሮ ከመኪና እያወረዱ ነበርና አንድ እቅፍ ከእጃቸው አመለጠ። ድምፁ ገና ሳያልቅ እኔ መሬት ላይ ነኝ። እንደ ልማዴ ግንባሬን አስነካሁ፣ አማተብኩ፣ ተነሣሁ። የነፍስ አባቴ ከፊቴ ቆመዋል።

“በሃምሳው?” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት የደስታ ናቸው፤ አይጾምም፣ አይሰገድም። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ አካባቢ የለም።

“ረስቼ ነው አባቴ” አልኩ።

“አንተ? አንተ ነህ የረሳኸው? አምና በዚህ ጊዜ አንዱን ዲያቆን ‘በሃምሳው እንዴት ትሰግዳለህ’ ብሎ ሰው ፊት ያዋረደው ማን ነበር?”

“እኔ ነበርኩ።”

“ና እስቲ ተቀመጥ።”

ከቤተልሔሙ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዝም የሚል ቄስ ከሚናገር ቄስ ይከብዳል። በመጨረሻ፣ “ፈርቼ ነው” አልኳቸው። ይህን ቃል ስለ ራሴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሌላ ሰው ቃል የተዋስኩ መሰለኝ።

“ስንት ጊዜ?”

“የሰገድኩት ሁሉ።”

“የስቅለቱም?”

“የስቅለቱ... ግማሹ የእውነት ነው።”

እሳቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊታቸውን ቀና አድርገው እንዲህ አሉ፤ “መደንገጥህን ለንስሐ አልቀበልህም፤ ኃጢአት አይደለም። ማስመሰልህን እቀበላለሁ፤ ከእንግዲህ አታስመስልም። የቀረው ነገር ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።”

“ጠበል አይበቃም?”

“ጠበሉንም ተጠመቅ። ጥርስህን ያመመህ ጊዜ ግን ጠበል ተጠምቀህ ስታበቃ ነቃዩም ጋ ሄደሃል። እኔ ነኝ የያዝኩህ፤ ስትጮህ ሰምቻለሁ።”

አባቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ልጆቻችንን “እውነት ተናገሩ” እያልን ስናሳድግ፣ እውነት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ራሳችን ሞክረን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔ ለመሞከር ስድሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ ከነፍስ አባቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ አለች፤ በልጄ ዕድሜ ናት፤ ሰው ሁሉ “ሲስተር” ይላታል። ቄሱ መስቀል አሳልመዋት ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔ መታከሜ ሳያንስ በሕፃን መታከሜ ከነከነኝና ገና ከመጠየቋ በፊት ማስተማር ጀመርኩ።

“ሲስተር፣ እኔ ስለ ነርቭ ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። ነርቭ ማለት ከአንጎል ተነሥቶ...”

“ከአንጎል ተነሥቶ ወዴት?”

“እዚያ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል።”

“እንግዲያው ቀሪውን እኔ ልጨምርልዎት አባቴ” አለችኝ፤ አልሳቀችብኝም። “ሰውነትዎ ዘበኛ አለው። በውጊያው ቀን ጥሩ ሠርቷል፤ አስተኝቶ አትርፎዎታል። ሥራው ማለቁን ግን የነገረው የለም። እርስዎ በአፍዎ ቢነግሩት አይሰማም፤ በቃል አይደለም የሚማረው። በልምምድ ነው።”

“ፈሪ ነኝ ማለትሽ ነው?”

“ፈሪማ ቢሆኑ እዚህ አይመጡም ነበር። ለመሆኑ በዚያን ቀን የት ነበሩ?”

ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ።

የምሸምንበት ቦታ መሬቱ የተቆፈረ ነው። አፋፉ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ መርገጫውን እዚያ ሆኜ ነው የምረግጠው። ጉድጓዱ ሰው አጎንብሶ ቢገባበት ይሸፍናል። የመጀመሪያው ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ያጠበችውን ጠጉር ታሰጣ ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ወደ እሷ አልሄድኩም። ወደ ቤት ሮጥኩና ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። እሷ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተኝታ እስከ ቀትር ቆየች። ስወጣ “ደኅና ነሽ?” አልኳት፤ “ደኅና ነኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም።

ይህን ስናገር ወለሉን ነበር የማየው። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ “ሁለት ነገር ነው የያዙት” አለችኝ። “አንዱ ድንጋጤ ነው፤ እሱን እዚህ አብረን እንሠራበታለን። ሌላው ግን ድንጋጤ አይደለም፤ የጎዱት ሰው አለ ብለው ነው የሚያስቡት። ለእሱ መድኃኒት የለኝም። መርፌም ብወጋዎት አይለቅም። ለእሳቸው መንገር አለብዎት።”

“ለቄሱ?”

“ለባለቤትዎ።”

ቄሱ ከጥጋቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሁለት ክር ሲጠላለፍ አንዱን ብቻ መጎተት ቋጠሮውን እንደሚያጠብቀው የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሙያዬ ነው። በራሴ ላይ ግን ወራት ሙሉ አንዱን ክር ብቻ ስጎትት ኖሬያለሁ።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። ባለቤቴ እየፈተለች ነበር። “በዚያን ቀን ጥዬሽ ገባሁ” አልኳት። ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ።

“ጉድጓዱ እንደሆነ ለሁለት አይበቃም” አለች። “ደግሞ የእግርህ ሽታ አለበት።”

“አትቀልጂ።”

እንዝርቷ ቆመ። “ሁለት ጊዜ ጠራሁህ” አለችኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“መስማትህን አውቃለሁ።”

ሁለት ቀን ሙሉ “ብላ”፣ “ጠጣ” ብቻ ነበር የምትለኝ። ይቅርታ ከተጠየቀ በኋላ ሁሉ ነገር ወዲያው የሚቀል የመሰለው ሰው ካለ፣ እኔ እንዳየሁት አይቀልም። ቀድሞ ይከብዳል። እሷ ለወራት ስትሸፍነው የኖረችውን ቁጣ ሁለት ቀን ብቻ አሳየችኝ፤ ባሰላው ትርፉ የእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳና አንድ ዱላ ይዛ መጣች።

“ና” አለችኝ፣ “ላስደንግጥህ።”

ጣሳው የነርሷ ትእዛዝ ነው። ልምምዱ እንዲህ ነበር። ባለቤቴ ከገብሱ ማሳ ማዶ ትቆማለች። መጀመሪያ እጇን ታነሣለች፤ እኔም እንደምትመታ አውቃለሁ። ከዚያ ትመታለች። እኔ ሁለት እግሬ መሬት መርገጡን እያሰብኩ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ልቤ ሲረጋ እንደገና። ሰውነቴ ያንን ርቀት ሲለምድ ጥቂት እርምጃ ትቀርባለች። ቀላል ነው፤ ለትዕግሥተኛ።

እኔ ግን ሁሉን ነገር በጥረት ያገኘሁ ሰው ነኝ። በሁለተኛው ቀን “ይህ የልጅ ጨዋታ ነው” አልኩና ባለቤቴን ጆሮዬ ሥር አቆምኳት። “በኃይል!” አልኳት። ሴትዮዋ የቆየ ነገር ነበረባትና አልሳሳችም፤ በኃይል መታችው። የተፈተለ ጠጉር የተሞላ ቅርጫት ውስጥ ነው ራሴን ያገኘሁት፤ ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር እንኳ ያልበኝ ጀመር።

ነርሷ ስትሰማ ተቆጣች። “አባቴ፣ ማን ፍጠኑ አለዎት? እግርዎ ቢሰበር በማግስቱ ይሮጡበታል?”

“እኔ እኮ ለሠርጉ እንዲደርስ...”

“የሚደርሰው ቀስ ካሉ ነው።”

ተመልሰን ከማሳው ማዶ ጀመርን።

አተነፋፈሱም ላይ ክርክር ነበረ። ነርሷ “ትንፋሽዎን ሲያስወጡ ያስረዝሙት” ትላለች። እኔ ስቆጥር እቸኩላለሁ፤ አራት ለማለት አንድ ብዬ እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ቄሱ ጣልቃ ገቡ። “በቁጥር አይሆንለትም። ‘እግዚኦ’ ይበል። በዜማ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እስኪያልቅ።” ነርሷ “እስቲ ያሳዩኝ” አለቻቸው። ቄሱ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳቡት፤ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው፤ ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ከውጭ “ተሣሃለነ” ብለው ተቀበሉ። ነርሷ ሰዓቷን አይታ፣ “ከእኔ ቁጥር ይረዝማል፤ ይሁን” አለች። ቄሱም፣ “እኛ ዜማ የተማርነው ሰውን ልናረጋጋ መሆኑን ማን ነገረሽ?” ሲሏት፣ “ማንም አልነገረኝም፤ አሁን ግን እጽፈዋለሁ” ብላ እውነትም ጻፈችው። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ እየተገናኙ ይማከራሉ። ቄሱ ጥፋቱን ያዙ፣ ነርሷ ድንጋጤውን ያዘች፣ ባለቤቴ ጣሳውን ያዘች። እኔ ደግሞ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፌን ያዝኩ።

ልጄ ለሠርጉ ልትሰናዳ ከቀየት ስትመጣ፣ እናቷ ማዶ ቆማ ጣሳ ስትደበድብና አባቷ ደጅ ቆሞ “እግዚኦ” ሲል ደረሰች።

“ምን ነካችሁ?” አለች ሻንጣዋን ሳታወርድ።

ነገርኳት። በሠርጓ ቀን ልወድቅ እንደምችልም ጨምሬ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ልጅ ሳለች ነጎድጓድ ትፈራ ነበር። በረዶ በመጣ ጊዜ አልጋ ሥር ትገባለች። እኔ በእጇ ጎትቼ አወጣትና “ፈሪ ልጅ የለኝም” እያልኩ ደጃፍ ላይ አቆማት ነበር፤ መብረቁ እስኪያልፍ።

“ትዝ ይልሻል?” አልኳት።

“አባባ፣ አሁንም እኮ እቆማለሁ” አለችኝ። “ነጎድጓድ ሲጀምር የተከራየሁት ቤት በር ላይ ሄጄ እቆማለሁ። የሚጠቅም ነገር ስለ መሰለኝ ነበር።”

“ጠቀመሽ?”

“እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምቆመው።”

ዓይኔን ወደ ጣሳው አዞርኩ። እሷ ግን አስተማሪ ናት፤ ሰው ሲያፍር ማየት ለምዳለች። “ተማሪዎቼ ከውጊያው ወዲህ ነጎድጓድ ሲሰሙ ዴስክ ሥር ይገባሉ” አለች። “መጀመሪያ ‘ውጡ’ እያልኩ እጮህ ነበር፤ የእርስዎ ልጅ አይደለሁ! አንድ ቀን ግን እኔም ዴስክ ሥር ገባሁ። እዚያው ሆነን ተረት አወራን። ከዚያ አንድ በአንድ፣ የፈለገ በፈለገው ሰዓት፣ ወጣን። አሁን ቶሎ ነው የሚወጡት።”

“ማን አስተማረሽ?”

“ማንም።”

እኔ ጋዜጣ ስለቅም ስኖር ልጄ በራሷ ያገኘችው ይህንን ነው። “ይቅር በይኝ” አልኳት። ፊቷ ቀላ ብሎ ሻንጣዋን አነሣችና ወደ ቤት ገባች፤ ከውስጥ ሆና “እማ፣ ጣሳውን አምጪው፣ እኔም ልምታው!” ስትል ሰማኋት።

የሙሽራው አጎት ከሠርጉ በፊት ለመጨረሻ ንግግር መጣ። ቄሱም ነበሩ። ጠላ ቀረበ፣ ስለ ሚዜው ብዛትና ስለ መኪናው ተነጋገርን፤ ከዚያ ጥይቱን አነሣሁ።

“ያለ ጥይት?” አለ። “የራቤል ሙሽራ እንደ በግ ሌባ በጓሮ ይግባ?”

“ይተኮስ። ግን ከአውድማው ማዶ፣ ሦስት ብቻ፤ እያንዳንዱም እኔ በትሬን ሳነሣ።”

“ምክንያቱ?”

“ከውጊያው ወዲህ ድምፅ እየጣለኝ ነው። እንደሚመጣ ካወቅሁ እችለዋለሁ።”

አጎትዬው ጠላውን አስቀመጠ። የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። “በትር አንሥተህ ልታዘን ነው በለኛ፣ እንደ ጦር አዛዥ” አለና ተስማማ። ሲወጣ ግን በር ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “እኔ መተኮስ የምወደው ለምን ይመስልሃል? ከእኔ እጅ ሲወጣ አያስደነግጠኝም። የሌላ ሰው ሲሆን...” በቅሎውን ፈታ።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ተጥሏል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከአውድማው ማዶ ሲታዩ በዳሱ በር ቆምኩ። ባለቤቴ በቀኜ፣ የነፍስ አባቴ በግራዬ። በትሬን አነሣሁ። አንድ። ትንፋሼን አስረዘምኩ። ሁለተኛ አነሣሁ። ሁለት። ተረከዜ መሬት ላይ ነው። ሦስተኛ። ሦስት። ቆሜያለሁ! እልልታው ቀለጠ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ኮራሁ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። አንድ ሁለት ጎረምሶችን ስለ አለባበሳቸው ለመምከር እንኳ አሰብኩ።

ከሚዜዎቹ አንዱ ደስታው አላስቻለውም። አራተኛውን ከዳሱ ሥር ተኮሰው።

ቄጠማው ፊቴን ነካኝ። መሬት ላይ ነበርኩ፤ የሠርግ ልብሴን ለብሼ፣ በሆዴ። እልልታው ተቆረጠ። ከእንግዶቹ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ዝም በሉ፣ አባታችን እየሰገዱ ነው” አሉ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ሌሎች ማማተብ ጀመሩ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ግንባሬን ማስነካት ብቻ ነው የቀረኝ። ሰው ሁሉ ሊያምነኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

ልጄ ከቤት ወጥታ ከፊቴ ቆማለች፤ የቀሚሷ ዘርፍ ይታየኛል።

“አይ፣ እናቴ” አልኩ ከመሬት። “አልሰገድኩም። ደንግጬ ነው።”

ከዚያ የሙሽራው አጎት ከወዲያ ጮኸ፤ “የትኛው ነው! ሦስት ተብሎ አልነበረም? መቁጠር አልተማርክም?” ሚዜው ወደ መኪናው ኋላ ሲሸሽ ሰው ሳቀ። እኔም ቄጠማውን ከጢሜ እያራገፍኩ፣ ባለቤቴ በአንድ ክንዴ፣ ቄሱ በሌላው ይዘውኝ ተነሣሁ። ከወንበሬ ተቀመጥኩ።

ሙሽሮቹ ጉልበቴን ሊስሙ ተንበረከኩ። ጉልበቶቼ ገና አልረጉም ነበር፤ ጋቢው ሥር ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። ድሮ ቢሆን ጋቢዬን ሰብስቤ እግሬን እደብቅ ነበር። አልደበቅሁትም። ሙሽራው ስሞ ቀና ሲል ዓይኔን አየኝ። ልጄ ግን ስማ አልተነሣችም። ሁለት እጆቿን ጉልበቶቼ ላይ አሳረፈችና ያዘቻቸው፤ ሕዝቡ እየጠበቀ፣ ቆብ ያደረጉት ቄሶች እየጠበቁ፣ እስኪረጉ ድረስ።

ከዚያ መረቅኋቸው። ያዘጋጀሁት ረጅም ምርቃት ነበር፣ ምክርም የበዛበት። ያን ጊዜ ግን የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “ስትደነግጡ ተጠራሩ” አልኳቸው። “የተጠራውም ይውጣ።”

ባለቤቴ ከጎኔ “አሜን” ያለችው ከሁሉም ቀድማ ነው።